ለአባትህ የላክኸው ቃል

አዋሳ፣ ሰኔ 5 ቀን 1970 ዓ.ም.

የዓይኔ ብርሃን ልጄ በኃይሉ፣

የናይሮቢ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ደረትህን ሸፍን። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንኩትም፤ ወደ ሞያሌ ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌር፣ ጠሀ፣ ደብቆ ያደርስልኛል። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ። አባትህን እንግሊዝኛ ከሚያስተምርበት ክፍል ከወሰዱት ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ያለፉት ሁለት ደብዳቤዎች እህትህ ብርቅዬ የአባቷን እጅ ጽሑፍ አስመስላ የጻፈቻቸው ናቸው። ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ ፈርቼ ነው፤ ይቅር በለኝ።

አንተ ግን እንደ ልማዳችሁ «አባዬ የማያውቀው ቃል አገኘሁ» ብለህ ላክህ። እሱ የማያውቀው ከየት ይገኛል ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። መዝገበ ቃላቱን በፍተሻው ቀን ወስደውታል። ባልደረባውን ጋሽ ሽፈራውን ልጠይቀው መሃል ከተማ ባገኘው፣ አይቶኝ ወደ ማዶ ተሻገረ። አልፈርድበትም፣ ልጆች አሉት። ብርቅዬ ግን ቃሉን የደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ ጽፋ ለእርማት ሰጠችው፤ በሳምንቱ ሲመልስላት ትርጉሙን ከሥሩ ጽፎልን አገኘነው።

«ክሪፐስኪዩለር» ነው የሚባለው፤ «ፐስ» ላይ ጠንከር አድርገህ። ድንግዝግዝ ያለ፣ የንጋት ወይም የምሽት ብርሃን የመሰለ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ከጎሬው ለሚወጣ እንስሳም ይባላል። በጨዋታ መሀል ማንም አይለውም፣ መጽሐፍ ላይ ነው የሚገኘው። አባትህ ሁልጊዜ ከቤታችን ምሳሌ ይጨምርልህ ነበርና እኔም ልሞክር፦ ዘንድሮ የአዋሳ ሰው ክሪፐስኪዩለር ሆኗል፤ ሲመሻሽ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ይገባል። ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም።

ማክሰኞ ወደታሰረበት ምሳ ይዤለት ብሄድ ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበለኝ «ከእንግዲህ አያስፈልገውም» አለኝ። ጎረቤታችን ወርቅነሽ፣ ወደ አዲስ አበባ አዛውረውት ይሆናል ትላለች። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ልብሱን አጥቤ፣ ተኩሼ አስቀምጬለታለሁ።

ልጄ፣ ለክረምት እመጣለሁ ያልከውን ተው። እዚህ እኩዮችህን አንድ በአንድ ለቅመው ጨርሰዋቸዋል። ናፍቆትህን እችለዋለሁ፤ ሌላውን ግን አልችልም። ባጠባሁህ ጡቴ ይዤሃለሁ፣ እንዳትመጣ።

የሰው አገር ሰው ይውደድህ፤ እግዚአብሔር ከክፉ ይጋርድህ። አባትህ ሰላም ይልሃል ብዬ ልጨርስ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

እናትህ ሸዋዬ