ቀዩ የዕዳ ቴምብር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽ፣ ቤትሽ፣ ያ በብርድ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት ኩርፊያ በኋላ ጽሕፈቴን ስታዪ እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ማንም አልሞተም።

የምተዳደረው አሁንም በቴምብር ነው። ሰው ከአያቱ ሣጥን ያገኘውን ያመጣል፤ እኔ በአጉሊ መነጽር አይቼ ይህን ያህል ያወጣል እላለሁ። ከሁሉም የምወደው ያው የዕዳ ቴምብርን ነው፤ ላኪው ሳይለጥፍ ሲቀር ፖስታ ቤቱ ራሱ ለጥፎ ተቀባዩን የሚያስከፍልበትን። በመስኮት አይሸጥ፣ ያልተከፈለበት ደብዳቤ ካልመጣ አይገኝ። “ዕዳ ሰብሳቢው” እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ባለቤት ያጡ ደብዳቤዎች በካርቶን ይዘው መጡ፤ መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግድ የገዟቸው ናቸው። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። ቀዩ ቴምብር! ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሁለት ወር ብቻ ተሠርቶበት የቀረው፣ ከዚያ ወዲህ ስፈልገው የኖርኩት። የጠርዙ ጥርስ ያልተጎዳ፣ ማኅተሙ ጥርት ያለ፣ ፖስታው ያልተከፈተ። ለሰውዬው ዋጋውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከዚያ አድራሻውን አነበብኩ። ስሙ የእኔ፣ ጽሕፈቱ ያንቺ።

ጎኑ ላይ “ተቀባዩ አልቀበልም ብሏል” ይላል። የላኪ አድራሻ ከውጭ ስላልነበረው መመለሻ አጥቶ ቀርቷል።

እታለም፣ ደብዳቤሽ መንገድ ላይ አልጠፋም። እማዬ ታማ ሳለ ለሥራ ብለሽ መሄድሽ አንጀቴን አሳርሮት ነበር። ፖስተኛው ደጃፍ ቆሞ ቴምብር የለውምና ክፈል ሲለኝ፣ ጽሕፈትሽን ከሩቁ ለይቼ፣ ለእናቷ ጊዜ የነፈገች ለእኔ ቴምብር ብትነፍግ ምን ይገርማል፣ ይዘህ ተመለስ አልኩት። ቴምብሩን ዞሬም አላየሁት። ቴምብር አዋቂው እኔ!

ገዛሁት። እንዲህ ያለ ፖስታ ቢላ ከነካው ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስዞረው ቆየሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ከፈትኩት።

ጥቂት መስመር ነው። ቀዩ ቴምብር እንደሌለኝ ስለምታውቂ ሆን ብለሽ ሳትለጥፊ እንደላክሽው፣ ቤት እንደቀየርሽ፣ አዲሱ አድራሻሽ ከታች እንዳለ፣ እማዬን እንድስምልሽ።

እማዬ እስክታርፍ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ ናት ወይ ትል ነበር። መርዶውን ከወር በኋላ አክስታችን ባጋጣሚ አግኝታሽ ስትነግርሽ፣ አድራሻሽ ጠፍቶን ነው ብላሻለች። አልጠፋንም። ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር፣ እኔ መለስኩት።

ይቅር በይኝ። የማትችዪ ከሆነም አልፈርድብሽም። አክስታችን አሁንም እዚያው ቤት እንዳለሽ ስለነገረችኝ የምልከው በዚያው አድራሻ ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ደጅሽን ክፉ አያንኳኳው።

ዕዳ ሰብሳቢው ወንድምሽ

አንድ ነገር ረሳሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ፖስታ ላይ ያለውን ቴምብር እኔ አልለጠፍኩትም። እባክሽ አትንቀዪው።