ማገጃውን ማስወጣትሽን አልነገርሽኝም

ዱረቲ፣

በግራ እጄ ስለምጽፍ ፊደሌ ካስቸገረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ቀኙ በጀሶ ታስሯል። እህቴ ክሪስታል ወዳለው ቤቷ ልትወስደኝ መጥታ ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው።

ሩዝ ፍሪጅ ውስጥ አለልሽ።
የሻወሩን ቧንቧ የሚሠራው ሰውዬ ነገ ጠዋት ይመጣል፣ በሩን ክፈቺለት።
ጃኬትሽን ማሽን ውስጥ ከትቼ አጥቤዋለሁ። ደሙ አልለቀቀም።

በለማጅ ፈቃድ፣ በፐርሚት፣ እየነዱ ሰው ማፈናጠጥ እንደማይፈቀድ እያወቅሁ ነው ከኋላሽ የተቀመጥኩት። እሱ የራሴ ጥፋት ነው። ግን ሞተር ሳይክሉ ለለማጅ ተብሎ ጉልበቱ የተቀነሰ ነው፣ ብትፈልጊም አይሮጥም ብለሽኝ ነበር። ጉልበቱን የሚቀንሰውን ማገጃ ዮሲ ጋራዥ ወስደሽ ማስወጣትሽን የሰማሁት አስፋልቱ ላይ ተዘርረን ነው። "አስወጥቼው ነበር እኮ" ስትዪኝ አልተናደድኩም። እስካሁንም አልተናደድኩም። ምንም አይሰማኝም፤ ለእህቴም ያልኳት ይህንኑ ነው።

ኢመርጀንሲ ነርሷ "አብሮሽ የመጣ ሰው አለ?" ብላ ስትጠይቀኝ "ማንም የለም" አልኳት። በሩ ላይ ቆመሽ እንደነበር አይቻለሁ።
እንደሰማሽኝም አውቃለሁ።
እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።

ማገጃውን ዮሲ መልሶ ሳይገጥምልሽ እንዳትነጂ። ጉልበትሽ ላይ በረዶ ያዢበት፤ ስታነክሺ ነበር።

ማታ ደውይልኝ። ላላነሳው እችላለሁ። አንቺ ግን ደውይ።

እህተማርያም