አሥራ ዘጠኝ አንዶች

ግንቦት 2
ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። አባዬ እንደ ልማዱ ከስፌት ማሽኔ አጠገብ ተቀምጦ ደንበኛ ያስቸግራል። በልብስ ጠመኔዬ ጠረጴዛው ላይ አሥራ ዘጠኝ አንዶች እንደ አንድ ቁጥር ደረደረና ሱሪዋን ልትወስድ የመጣችውን ሴትዮ "ይሄን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ማነው?" አላት። ከራሱና ከአንድ በቀር ማንም። ብቸኛ ቁጥር ነው። የሒሳብ አስተማሪ ቤት አድጌ ይሄን ካላወቅኩማ... ሴትዮዋ ግን ሱሪዋን ይዛ ውልቅ።
ዛሬም ጭንቅላቱን ይዞ ነበር። "ምንም አይደል" ይላል።

ግንቦት 9
እጢ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ። ነገ ይከፈታል። ሐኪሙ ንግግሩን ሊነካበት እንደሚችል ነገረን። አባዬ ግን ለእኔ ብቻ፣ "ስነቃ ቁጥሬን ግድግዳው ላይ ላግኘው" አለኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ግንቦት 10
እሱ ውስጥ ነው። እኔ ባዶ አልጋው ጋ ወረቀት ላይ በማርከር አንዶቹን እጽፋለሁ። መሃል ላይ ወንድሜ ደወለ፣ ወጣ ወይ እያለ። አልወጣም። ጨርሼ ወረቀቱን ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። 

ግንቦት 12
ነቃ። ግን...
ሐኪሙ "ስምዎ ማነው፣ አባባ?" አለው። "አሥራ አንድ።" እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቀው። አሥራ አንድ። ዓይኑ ከግድግዳው አይነቀልም። ወንድሜ ፊቱን አዞረ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ያ ሙሉ ሰው የት ሄደ?

ግንቦት 14
ያው አሥራ አንድ። ሲቆጣም አሥራ አንድ። ሾርባውን ገፋው። የጭንቅላቱ ፎቶ ላይ ጥላ ይታያል፤ ደም ይሁን እብጠት አልለየም። አእምሮው እስከ ነገ ጠዋት ካልተመለሰ እንደገና ይከፈታል አሉ። ይችለዋል ወይ ብዬ ብጠይቅ ሐኪሙ "ግማሽ በግማሽ" አለ።
ወንድሜ እፈርማለሁ ይላል። ተጣላን። "አንቺ ከሐኪም ታውቂያለሽ?" አለኝ። አላውቅም። ብንተወው ቢሞትስ? ብንከፍተው ቢሞትስ? እህል ከአፌ አልገባም።

ግንቦት 15
ጠዋት። ወንድሜ የፈቃዱን ወረቀት ይዞ፣ እስክሪብቶ ሲፈልግ አባዬ አንሶላውን መታ አደረገ። በሁለት ጣት። ትንሽ ፈቀቅ አለና እንደገና በሁለት ጣት። እንደገና... ልጅ ሆኜ ሲያስተምረኝ እንዲህ ነበር። አንዶቹን አጣምሪ፤ እያንዳንዱ ጥንድ አሥራ አንድ ነው። ሁሉም ጥንድ ካገኘ ቁጥሩ ለአሥራ አንድ ያለ ቀሪ ይካፈላል ይለኝ ነበር።
ተነስቼ ግድግዳው ላይ ያሉትን አጣመርኩ። አለቁ። አንድ መትረፍ ነበረበት፤ የሚተርፍ የለም! አሥራ ስምንት ናቸው። ያን ቀን ስልክ ሳነሳ አንዷን ዘልያታለሁ። ክው አልኩ። ሰውዬው ይሄን የሚያካፍለው አሥራ አንድ ነው እያለ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያርመኝ ነው የከረመው።
"አትፈርም" አልኩት ወንድሜን። ያበድኩ መሰለው። አጠገቡ የቆመው ሐኪም ግን ሳስረዳው ሰማኝ። የፈቃዱን ወረቀት ተቀብሎ ጀርባው ላይ አሥራ ስምንቱን አንዶች ለአሥራ አንድ ማካፈል ጀመረ። አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ... ቀሪ የለውም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና እንጠብቃለን አለ።
እኔ ማርከር ፈልጌ የጎደለችውን አንድ ጻፍኩ። አባዬ ቁጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየው። ትከሻው ወረደ።
ሐኪሙ ወደ እኔ እያመለከተ ይቺ ማነች ብሎ ደገመለት።  የአባዬ ከንፈር ቃሉን ይፈልጋል። 
"መቁጠር... የማታውቅ... ልጄ።"
ስድብ እንደዚህ ጣፍጦኝ አያውቅም።