የዘሐራ ድምፅ ግልባጭ

ሰኞ

ዋሽቻለሁ። ዛሬ ልጻፈው። ባለቤቴ ዘሐራ ካረፈች በኋላ እህቷ ሐሊማ «የእህቴን መንዙማ ስጠኝ፣ ድምጿ ናፈቀኝ» ብትለኝ «ከስልኳ ጋር ጠፋ» አልኳት። አልጠፋም። ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ባለቤቴ በየመውሊዱ ከሴቶቹ ጋር መንዙማ ስትል የተቀዳ ነው። ለሐሊማ ከሰጠሁ ከስልክ ስልክ ይዞራል፣ ሰው ሁሉ ይሰማታል ብዬ ሰሰትኩ። ለብቻዬ ላስቀራት ፈለግሁ።

ዛሬ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ከሆዱ አሸዋ የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ወጣ። ከዚያ በራሱ ጠፋ። እንደገና ብሞክር ብዙ ቆይቶ ተነሣ። ጠፋ ብዬ የዋሸሁት አሁን የምር ሊጠፋ ነው። አላህ ውሸቴን እውነት ሊያደርግብኝ ይሆን?

ማክሰኞ

ስፌቱን አቋርጬ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ ከሰፈሬ ከአርካዊት ሳጃና ወደሚባለው ሰፈር ወረድኩ። ሰይድ ጋ። የወሎ ልጅ ነው፣ እዚህ ሰው አገር ያገኘሁት የአገሬ ሰው፤ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል።

«ያ ሐጅ፣ ይሄ ኮምፒውተር ካንተም አርጅቷል» አለኝ። ሐጅ አላደረግሁም፤ ለሽበቴ ነው እንዲህ የሚለኝ። ድምፁን ሲሰማ ግን ቀልዱን ተወ። «ያላ፣ ሳይሞት ገልብጠው» ብሎ ከውጭ የሚሰካ ሀርድ ዲስክ አወጣልኝ። «እዚሁ ልገልብጥልህ?» ሲለኝ እምቢ አልኩ። እሱም ይሰማታል ብዬ። ዛሬም ስስቴ አለቀቀኝም።

ዲስኩ ከመዳፌ አይበልጥም። «የወሎን መንዙማ ሁሉ ብትጭንበት አይሞላም፣ ወላሂ» አለኝ። በመንገዱ ሁሉ ኪሴን እየዳበስኩ መጣሁ። ሱብሃነላህ።

ረቡዕ

እስከ ከሰዓት ከህረባ አልነበረም። መብራቱ እንደመጣ ዲስኩን ሰካሁት። ኮምፒውተሬ የሚያወራው በዐረብኛ ነው። ፊደሉን ቁርኣን ቤት ስለቀራሁ አነባለሁ፤ የጽሑፍ ዐረብኛው ትርጉም ግን ሁልጊዜ አይገባኝም። ፋይል የሚያስቀምጠው ምልክት ላይ «ሂፍዝ» ይላል። ቁርኣንን በልቡ የያዘውን ሰው ሓፊዝ አይደል የምንለው? ያቀሩኝ ሼኽ «መጽሐፉ ቢቃጠል እዚህ አለ» እያሉ ደረታቸውን ይነኩ ነበር። ይህችም ብረት ደረት አላት ማለት ነው።

አዲሱ ዲስክ ግን አልከፈት አለኝ። «ተህይአ ይደረግ?» ብሎ ጠየቀ። ተህይአ ማዘጋጀት ነው፤ ይህንን አውቃለሁ። ቢስሚላህ ብዬ እሺ አልኩት። ተከፈተ! ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ የልብስ ሰፊ ነገሬ መጣብኝ። ጨርቁም ገበሩም ቀድመው ውሃ ካላዩ ስፌቱ ይጨማደዳል። አዲሱ ከተዘጋጀ አሮጌውም ይዘጋጅ እንጂ! የዘሐራ ድምፅ ያለበትን ክፍል ብነካው እዚያም «ተህይአ» የሚል አለ። አንድ ረጅም ማስጠንቀቂያ አወጣ። አላነበብኩትም። እሺ አልኩት።

ባዶ ሆነ። አንድም የለም።

ሰይድ ጋ ደወልኩ። «ምን ነካህ አንተ! በኮምፒውተር ቋንቋ ማዘጋጀት ማለት እኮ ጠርጎ ማውጣት ነው! ዝጋው። ጣትህን እንዳታሳርፍበት!» ብሎ ጮኸብኝ።

መግሪብ ሰገድኩ። ምን ብዬ ዱዓ እንደማደርግ ግን ጠፋኝ። ውሸቴን በገዛ ጣቴ እውነት አደረግሁት።

ሐሙስ

ሁለቱንም ይዤ ሳጃና ሄድኩ። ሰይድ ትናንት ስለጮኸብኝ አፍሮ ነበር መሰለኝ፣ ወንበር ሰጥቶ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «የደመሰስከው ስሙን ነው። ድምፁ በነበረበት ቦታ ነው ያለው። ሰፈር አስብ፤ የየቤቱን ቁጥር ነቅለሃል፣ ሰዎቹ ግን ቤታቸው ናቸው። ሌላ ቤት ካልተሠራባቸው በቀር።» ለዚህ ነው የሚያገኘውን በአሮጌው ላይ ሳይሆን በአዲሱ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው።

የጠፋ የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተ። ዙህር ሰገድን፤ ምንም የለም። ዐስር ሰግደን ስንመለስ አንዱ ተገኝቷል። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ተከታትለው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አፌን በእጄ ይዤ አየሁ።

ሁሉም አልመጡም። የመጡትም ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። ሰይድ አንዱን ከፈተው። መንዙማው ሱቁን ሞላው። ስልክ ልታሠራ የመጣች ሴት «ማሻአላህ፣ ማን ናት?» አለች። «ባለቤቴ ነበረች» አልኳት። ሰው ሰማት። ከእኔ ምንም አልጎደለም።

«አንድ ግልባጭ በስልክ ሚሞሪ አውጣልኝ» አልኩት ሰይድን። «ለማን?» አለኝ። «ለእህቷ።»

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሄድኩ። ሐሊማን ከምትሠራበት ቤት በር ላይ አስጠራኋት። እጇ ሳሙና ነበረበት።

«ጋሼ፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ የትናንቱንም የከትናንት በስቲያውንም። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሰማችኝ። ከዚያ «እኔ ድምጿን እየረሳሁ ነበር። አንተ ግን ትሰማት ነበር» አለች። መሬት መሬት አየሁ።

ሚሞሪውን ስልኳ ውስጥ ከተተች። ከሁሉ የምወደውን ፈልጌ «ይህንን ስሚ፣ ዘሐራ እንዴት እንደምታወርደው» አልኳት። ጥቂት ሰምታ ሳቀች፤ እንባዋም ወረደ።

«ኸረ ጋሼ! አውራጇ እኮ እኔ ነኝ! ድምፃችን ስለሚመሳሰል እናታችንም ትሳሳት ነበር። እሷ ተቀባይ ናት። ከኋላ ያለችውን ስማ፣ ወፈር ያለችውን።»

ሰማሁ። ከሴቶቹ መሃል፣ ዝቅ ብላ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይታ የምትገባ። እሷ ናት። ስንት ጊዜ ሐሊማን እየሰማሁ ዘሐራን አልፌያታለሁ! «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብቻ አልኩ። ሐሊማ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተችልኝ። በሩ ላይ ቆመን ሰማን።

ሲያልቅ ሚሞሪውን ልትመልስልኝ ከስልኳ አወጣችው። «ተይው» አልኳት። «ያንቺ ነው። ለፈለግሽው ሰው ገልብጪ።»