ወንዙን የተሻገርኩበት ቅዳሜ

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ሰፈር
ረቡዕ፣ ጥቅምት ፳፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለፀሃዬ፤

የእስራኤል አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ። ስለ ጤናዬ እንዳታስብ፤ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ጎረቤታችን ለተገብርኤል «አንቺ ሴትዮ፣ ለምንድን ነው የማታለቅሺው?» ትለኛለች። መቼም አትረሳትም፤ መጀመሪያ የገባን ሰሞን የቀጥቃጭ ዓይን ልጄን ይበላብኛል ብላ ልጇን በነጠላዋ ትሸፍን የነበረችው ናት። አሁን ከእሷ የሚቀርበኝ ሰው የለም። ለማልቀስማ ሞክሬያለሁ፤ አልመጣልኝም።

ይሄን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ያደታን ስላገኘሁት ነው። ያደታ ለምንሠራው ቤት ድንጋይ የሚያመላልስ የካሚዮን ሹፌር ነው። ወር ሙሉ ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር፤ ለካ እናንተ ወዳላችሁበት በረሃ እህል እንዲያደርስ ታዞ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ከካሚዮኑ ሳይወርድ «አይናለም፣ ባልሽን አየሁት፣ በሕይወት አለ! ዐርብ ማለዳ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ የምትጽፊው ካለ ጻፊ» አለኝ። የሥራው አለቃ፣ ካፖው፣ እየጮኸ ስለጠራው ሌላ ሳይነግረኝ ሄደ። እኔ የተሸከምኩትን ኖራ ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እልል ማለት ነበረብኝ። የሰው ባል ወሬ የሰማሁ ያህል ነው የሆነብኝ።

የሰፈሩን ነገር ልንገርህ። ለጣልያን ሹማምንት የሚሠራው ቤት፣ አንተ የበሩን ማጠፊያ ትቀጠቅጥለት የነበረው፣ ጣሪያው ወጥቷል። እነሱ «ካዛ ኢንቺስ» ይሉታል፤ እኛ ሠራተኞቹ ምላሳችን እንቢ ስላለን «ካዛንቺስ» ብለን ገላግለነዋል። አሁን ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ይጠራል። ማጠፊያዎችህን በሮቹ ላይ መትተዋቸዋል። በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፅ አያሰማም፤ ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው።

እኔ ኖራ አቀብላለሁ። ቅዳሜ አልሠራም ስላልኩ ካፖው ሁለት ጊዜ አባሮኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰኞ ሰው አጠረውና አስጠራኝ። አንተ ብትሆን «ይኸው መና፤ ዐርብ እጥፍ ሰጥቶ ሰንበትን የሚያሳርፍ አምላክ ነው» ትል ነበር። እኔ ደግሞ ሰው አጥሮት ነው እላለሁ። እንግዲህ ስንገናኝ እንከራከርበታለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የምሕላ በዓላችን ስግድ ደርሷል። ዘንድሮ አብሮኝ ተራራ የሚወጣ ወገን የለኝም፤ ኃጢአቴን የምነግረው ቄስም እዚህ የለም። ስለዚህ የምናዘዘው ላንተ ነው። ደግሞም ቃልህን ነው የሻርኩት።

የጠመንጃ ቃታ ጠግነሃል ብለው እጅህን ያሰሩህ ቀን በሩ ላይ ዞር ብለህ «አይናለም፣ ማንንም አስቡልኝ እንዳትዪ» አልከኝ። ሌላ ሰው ቢሰማው ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። እኔ ወዲያው ገባኝ። ቁልፉን የሠራህለት የዓደኑ ነጋዴ፣ ያ እስራኤላዊ ወገናችን፣ ስለ ዮሴፍ የነገረህን ስንት ጊዜ አውርተኸኛል። ዮሴፍ የጌታውን ሚስት እንቢ ብሎ፣ ልብሱን እጇ ላይ ጥሎ ሮጠ፤ እስር ቤትም ገባ። እዚያ ግን ከእስር ለሚፈታው ለንጉሡ ጠጅ አሳላፊ «አስበኝ» አለው። ነጋዴው እንዳለው ሴቲቱን ያሸነፈው ዮሴፍ በዚህች በአንዲት ቃል ወደቀ። እግዚአብሔርን ትቶ በጠጅ አሳላፊ ስለታመነ ሌላ ሁለት ዓመት ተጨመረበት።

ነገሩ ያኔም አልተዋጠልኝም። «የታሰረ ሰው አስበኝ ቢል ምን ነውር አለው?» ብዬህ ነበር። አንተ ወናፍህን እየነፋህ «ፈተና ሁልጊዜ በሴት አይመጣም፤ አንዳንዴ መፍትሔ መስሎ ይመጣል» አልከኝ። ካንተ ጋር ክርክር መቼ ያልቅና።

ሦስት ወር ቃልህን ጠበቅኩ። የሌሎች እስረኞች ሚስቶች ከአንዱ ሹም ወደ ሌላው ሲንከራተቱ እኔ ቤቴ ሆኜ ጸለይኩ። አንዳንዶቹ «ይቺ ፈላሻ ባሏን አትወደውም» አሉ። ሰማሁና ዋጥኩት።

ከዚያ ሐምሌ ላይ፣ አንድ ዐርብ ቀትር፣ ካዛንቺስ ካለው ቢሮ አስተርጓሚው አቶ አጽብሃ ኖራ እስከምናቡካበት ድረስ መጡ። አሥመራ ያደጉ፣ ጣልያንኛ እንደ ውሃ የሚጠጡ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄን ልመሰክርላቸው ይገባል። «ካፒቴኑ ባልሽን ሊለቀው ይችላል። ነገ ጠዋት ሚስቱ ራሷ መጥታ ምሕረት ከጠየቀች ይፈርማል» አሉኝ።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ሰኞ አይሆንም?»

«ሰኞ ባልሽ እዚህ አይሆንም» አሉኝ።

የዚያን ቀን ፀሐይ ሳትገባ እሳቴን አጠፋሁ፣ ዳቦዬን ሸፈንኩ፣ ታጠብኩ። አልሄድም ብዬ ነው የተኛሁት። ጠዋት ለተገብርኤል በሬ ላይ ቆማ ታያለች። «እኛም ቀዳሚትን እናከብራለን፤ ግን ሰው ሲጠፋ ቁጭ ብለን አናይም። እግዜር ልብሽን ያያል፣ ተነሺ!» አለችኝ። «ወንዝ አለ» አልኳት። ሳቀች። «እሷም ወንዝ ሆና ነው?» አለች። በሰንበት ወንዝ እንደማንሻገር ማስረዳት ደከመኝ።

እስከ ወንዙ ልሂድና ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ውሃው ሞልቷል። ድልድይ አለ፣ እግር እንኳን አይረጥብም፤ ግን መሻገር መሻገር ነው። ዳሩ ላይ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አንድ ነገር እንዲሆን ጠበቅኩ፤ የሚመልሰኝ ሰው፣ ወይ ድምፅ፣ ወይ ዝናብ። ዝናብ ቢመጣ እንኳን እመለስ ነበር። ምንም አልመጣም። ተሻገርኩ።

ቢሮው ስገባ አቶ አጽብሃ አውራ ጣቴን ይዘው ቀለም ነከሩና ወረቀቱ ላይ ጫኑት። መጻፍ እችላለሁ ልላቸው ነበር፤ በሰንበት መጻፍም ኃጢአት ነውና ጣቴን ተውኩላቸው። የትኛው እንደሚቀል አላውቅም። አገራችን ብንሆን ከወገናችን ውጭ የሆነ ሰው እጅ ሲነካኝ ወንዝ ወርጄ ነበር የምታጠበው፤ ያን ቀን ትዝም አላለኝ። ከዚያ እኔው በገዛ አፌ «አቶ አጽብሃ፣ እባክዎ ባሌን ያስቡልኝ» አልኳቸው።

ይኸው ጻፍኩት። ብያለሁ።

ወረቀቱን ይዘው ገቡ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። ካፒቴኑ ማለዳ ወደ ለገሃር ሄዷል፤ እስረኞቹ በባቡር ሊጫኑ ነው፤ ዝርዝሩ ከትናንት ወዲያ ነው ያለቀው። «እኔም አላወቅኩም ነበር፣ እመብርሃንን» አሉኝ። አምናቸዋለሁ። «ፈጥነሽ ከሄድሽ ግን ታዪዋለሽ» አሉኝ።

ሮጥኩ። ወንዙን ዳግመኛ ስሻገር አልቆምኩም። ለገሃር ስደርስ የእስረኛ ሚስቶች ባሎቻቸውን በስም እየጠሩ ይጮኻሉ። ወታደሮቹ አላስጠጉንም። በፉርጎው እንጨት ክፍተት፣ ጥላው ውስጥ፣ ፊትህን አየሁት። ልጠራህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ከደረቴ አልወጣም። ወደ እኔ ዞረህ ትንሽ ቆየህ። ከዚያ ፊትህን አዞርክ። ባቡሩ እስኪሄድ ወደ እኔ አልተመለስክም።

የሚበላኝ ይሄ ነው፣ ፀሃዬ። ቅዳሜ መሆኑን ታውቃለህ። ሚስትህ ሰንበቷን ሽራ፣ ጣቷ ጠቁሮ እዚያ ቆማለች። ፊትህን ያዞርከው አፍረህብኝ ነው? ወይስ ወታደሮቹ እንዳያውቁኝ ብለህ? አንዱን ንገረኝ። ተጸይፈኸኝ ከሆነም ንገረኝ፤ አልሞትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንዝዣለሁ። ኖራ እጄን ሲያቃጥለኝ እንኳን የማውቀው ሰው ሲነግረኝ ነው።

ነገ እጨርሰዋለሁ።

ሐሙስ

ያደታ ዛሬ በምሳ ሰዓት ቤት ድረስ መጣ። ለተገብርኤል ጠላ ቀዳችለት፤ እኔም ያየውን ሁሉ እንዲነግረኝ ለመንኩት።

«ባልሽ ጎበዝ ነው» አለኝ። «እዚያ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ እሱ ነው የሚያጽናናው።»

«በምን ያጽናናል?»

«ባንቺ ነዋ!»

ከዚያ ነገረኝ። በባቡር የተጫናችሁ ዕለት ዓይኖችህ ከግርፋቱ የተነሳ አብጠው ተዘግተው ነበር አለኝ። ምንም አታይም ነበር። አሁን ድነዋል፤ እንደ ድሮህ ታያለህ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለገሃር ላይ ሴቶቹ ሲጮኹ አንተ ጆሮህን ሰጥተህ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ትዞር ነበር። የእኔ ድምፅ የለም። ያኔ ደስ አለህ አሉ። «የሁሉም ሚስት መጣች፣ የእኔ ቀረች። ቅዳሜ ነበራ! ለእኔ ብላ እንኳን ሰንበቷን አልሻረችም። እንዲህ ያለች ሴት ቤቴ እያለች እግዚአብሔር አይተወኝም» ትላለህ አሉ። አንድ ሰው እህል አልቀምስም ብሎ ሲተኛ ይሄን ነግረህ ታስነሳዋለህ አሉ። ያደታ የሃይማኖታችን ሰው ሳይሆን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ሞላ። የእኔ ደረቅ ነው።

አራት ወር አይቶ ተጸየፈኝ ስል፣ ለካ አላየኸኝም።

ያደታ ከወጣ በኋላ ለተገብርኤል ተነሳችብኝ። «አንቺ፣ ዝም በይ! ሰውየው የያዘው ይሄን ብቻ ነው። አልመጣችም ብሎ ካመነ ይመናላ፣ ምን አጣሽ? በይ የትናንቱን ወረቀት አምጪ፣ እኔው ልቅደድልሽ።»

ሌላ ወረቀት አወጣሁ። «ሰንበቴን ጠብቄ ቤቴ ነበርኩ፤ በርታ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቼ እንዲያ አምረውልኝ አያውቁም። ቁጭ ብዬ አየኋት። የተፈተንኩት ያኔ ወንዙ ዳር ይመስለኝ ነበር፤ የዛሬው ባሰ። ያኔ የፈለግኩት አንተን ነበር። ዛሬ ግን በረሃ ውስጥ የምታወራላትን ሴት መሆን አማረኝ።

ቀደድኳት። ለተገብርኤል «አበድሽ!» ብላኝ ወጣች፤ እስካሁን አኩርፋኛለች። እኔ ግን እንዲህ አሰብኩ። እስከዛሬ ያኖረህ የእኔ ሰንበት ከሆነ፣ እግዚአብሔርን ትተህ በእኔ ታምነሃል፤ ጠጅ አሳላፊህ እኔ ሆኛለሁ ማለት ነው። ያኖረህ እሱ ከሆነ ደግሞ ይሄን አንብበህም ያኖርሃል። እኔ ከዚህ ሆኜ ልይዝህ አልችልም፤ እሱ ይያዝህ። እፈራለሁ። ይሄ ወረቀት ይገድልህ እንደሆነ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ከአራት ወር በኋላ የተሰማኝ ነገር ቢኖር ይሄ ፍርሃት ነው።

ትናንት የጠየቅኩህን ትቼዋለሁ። ይሄን ካነበብክ በኋላ ፊትህን ብታዞርብኝ አሁን አውቀህ ነው፤ እቀበላለሁ።

አባቶቻችንን በምድረ በዳ የመገበ አምላክ የምትጠጣትን ውሃ ይባርክልህ። እግርህን ከእባብ፣ ልብህን ከምሬት ይጠብቅልህ። ከታሰሩት ሁሉ ጋር በሰላም ያውጣህ።

በስግድ እጾማለሁ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ጣቴ፣ ለአቶ አጽብሃ ስላልኩት ቃል እሰግዳለሁ፤ ስለ እነዚህ ከልቤ አዝናለሁ። ለገሃር በመሄዴ ተጸጸትኩ ብዬ ለመጻፍ ግን ብዕሬን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ። ሁለተኛ ውሸት አልጽፍልህም። አንተ አላየኸኝም እንጂ እኔ አይቼሃለሁ።

ሚስትህ አይናለም