ጓዳ የተባለችው ከተማ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ኬክ ቤት ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እየዋልሽ ያብጥ የነበረው እግርሽ ተሻለው ወይ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? አብራሽ የምትኖረው ልጅ ማንኮራፋቷን ቀነሰች ወይስ አሁንም ጆሮሽን በጥጥ ደፍነሽ ነው የምትተኚው? እማዬ ደግሞ «የሰው ልደት ስታሳምር ውላ ራሷ ጦሟን እንዳታድር፣ ትበላ እንደሆነ አጥብቀህ ጠይቅልኝ» ብላኛለችና አጥብቄ ጠይቄሻለሁ። እኛ ደህና ነን። የእማዬ ዓይን በአዲሱ መነጽር በደንብ ያያል፤ እንዲያውም ማየት የሌለበትን ሁሉ ማየት ጀምሯል። አጎታችንም ወገባቸውን ያዝ ያደርጋቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። በደንቡ ቢሆን «ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም» ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ከናፍቆቱ ሌላ ቅናት ይዞኛል። ስቀና መኖሬን ከምትጠረጥሪ ከራሴ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

በየቀኑ የስልኩ ጨዋታ ላይ እየተገናኘን ምን ወረቀት አስነሳው ትዪ ይሆናል። ጨዋታው ውስጥ የምንጽፈውን ሁሉ አብሮን የሚጫወተው ያ ፋርማሲስትሽ ስለሚያነበው ነው። ባለፈው «እማዬን ጥርሷን አሟታል» ብዬ ብጽፍልሽ፣ አንቺ «አይዞሽ በላት» እስክትዪ ድረስ እሱ የመድኃኒቱን ስም፣ ስንቴ እንደሚዋጥና ከምን ጋር እንደማይወሰድ ጽፎ ጨርሶ ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ ሠራ። የሚያናድደኝም መሥራቱ ነው። የገዛ እናቴን ጥርስ እንኳ ለገዛ እህቴ ለብቻዋ መንገር አልቻልኩም። ደግነቱ የጎረቤታችን ልጅ ወደ እናንተ አገር ልትመለስ ነው፤ ይህን በእጅሽ ታደርስልኛለች።

በድምፅ በላክሽልኝ መልእክት «ወታደሮቼ በረሃብ ሲያልቁ እንዴት ዝም ብለህ ታያለህ? ለምንድን ነው እህሉን የከለከልከኝ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ተቆጥተሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው መልስ አላጣም ነበር። ማዘንሽን ስሰማ ግን በድምፅ የምጨርሰው አልመስልህ ብሎኝ ወረቀት አነሳሁ። አሁን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ፤ ስታነቢ አታቋርጪኝ፣ መቼም ማቋረጥ ትወጃለሽ።

ስንጀምር ሁለት ነበርን። እያንዳንዱ ተጫዋች ከአንዲት ጎጆ ተነስቶ፣ አርሶ፣ ገንብቶ፣ ከተማ ቆርቁሮ አገር እስኪሆን ድረስ ተራ በተራ የምንጫወተው ጨዋታ፣ ለእኛ ሲባል የተሠራ ነበር የሚመስለኝ። ስልታችንም አጭር ነበር፤ እኔ አራሽ፣ አንቺ ተኳሽ። እኔ ወንዝ ዳር እህል አመርትና በመርከብ እልክልሻለሁ፣ አንቺ ድንበር ላይ ጦር ታሰልፊያለሽ። ለከተሞቻችን የቤታችንን ክፍሎች ስም አወጣንላቸው። ድንበር ላይ ያለችው የጦር ከተማሽ በረንዳ ተባለች። የእኔ የመጀመሪያዋ ከተማ፣ እህሉ ሁሉ የሚገባባት፣ ጓዳ ተባለች። አንድ ቀን «በረንዳ ተከቧል፣ ከጓዳ ቶሎ አውጣልኝ» ብለሽ የጻፍሽውን አጎታችን በትከሻዬ በኩል አንብበው ዱላቸውን ይዘው ወደ በር ወጥተዋል። እሳቸው እንደምታውቂው ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መሪ ላይ ነው የጨረሱት፤ ጦር ተራራ ሲወርድ ባዩ ቁጥር «ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬኑን አትመነው» ይሉኛል።

እኔም በበኩሌ ስልት ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ሥራ ቦታ ሶፋ ስናለብስ ጨርቁ መጀመሪያ መሃሉ ላይ ነው በሚስማር የሚመታው፤ ከዚያ እየተወጠረ ወደ ዳር ይኬዳል፣ ማዕዘኑ መጨረሻ ላይ ይታጠፋል። አገርም እንደዚያው ነው ብዬ መሃሉን ሳደልብ፣ ድንበሩን ላንቺ ጥዬ ኖርኩ። የምንጋጠማቸው ሁለት ሁለት ሆነው እስከመጡ ድረስ ሠርቶልናል። ሦስት ሦስት ሆነው ሲመጡ ግን ማዕዘናችን መቀደድ ጀመረ።

ያኔ ነው «አንድ ሰው አግኝቻለሁ» ያልሽኝ። ከኬክ ቤታችሁ ጎን ያለው ፋርማሲ የሚሠራ፣ ዳቦ ሊገዛ ገብቶ ስልክሽን በመደርደሪያው ላይ አይቶ «ድንበርሽ ክፍት ነው» ያለሽ ሰው። ይህን ለአጎታችን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ዳቦ ሊገዛ ገብቶ በዚህ ቃል ወሬ የሚጀምር ሰው ዳቦውን ብቻ ይዞ እንደማይወጣ እሳቸው ወዲያው ገብቷቸዋል። እኔ ስለ ጨዋታው ብቻ መስሎኝ «ጥሩ ነው፣ ይግባ» አልኩ። አየሽ፣ በሩን የከፈትኩለት እኔው ነኝ።

ሰውየው መጥፎ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ። ሦስታችንም ሁሉንም ነገር ለየብቻችን ከምንሠራ አንዳችን ይማር፣ አንዳችን ይመግብ፣ አንዳችን ይዋጋ አለን። እሱ ትምህርት ቤት እየሠራ አዲስ ነገር ሲፈለስፍ ለሁለታችን ይሰጠናል፣ እኔ ሦስታችንንም አበላለሁ፣ አንቺ ለሦስታችንም ትዋጊያለሽ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ማሸነፍ ጀመርን፣ አልክድም። አንቺ ግን ከዚያ ወዲህ ዓረፍተ ነገር ሁሉ በ«እሱ እንዳለው» መጀመር አመጣሽ። እሱ እንዳለው ግንቡ ይቅር። እሱ እንዳለው ፈረሰኛ ይብዛ። ያንን ግንብ እኮ እኔ ገና ድሮ ይቅር ብዬሽ ነበር! ያኔ «አንተ ደግሞ ሥራህን ሥራ» አልሽኝ።

ቀጥሎ ጓዳን ጠየቅሽኝ። ወንዝ ዳር ስላለች ለትምህርት ቤት ትመቻለች፣ ለቡድኑ ስትል ስጠው አልሽ። እታለም፣ እንግዳ ቤት ሲመጣ ሳሎን ይቀመጣል። የፈለገ ቢወደድ፣ የፈለገ ቢከበር ጓዳ ድረስ ዘልቆ ድስት አይከፍትም። እኔ ግን አንቺ ስለጠየቅሽኝ ሰጠሁት። በማግሥቱ ካርታውን ስከፍት ጓዳ የለችም። በቦታዋ «ላቦራቶሪ» ተብሎ ተጽፏል። ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ በንዴት የያዝኩትን ጨርቅ ገልብጬ መታሁትና አለቃችን ማስተር የጨርቁ አበባ ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ሲያየው «እዚህ ሶፋ ላይ የሚቀመጠው ሰው በጭንቅላቱ ቆሞ ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ያ ቃል የመጣው። ሰውየሽ እዚያው ባሕር ማዶ ተወልዶ ስላደገ አማርኛው እንደ ልጅ እግር ይደናቀፋል፣ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ምሳ ሰዓት ላይ ስፕሪንጉ የወጣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት «አንተ ተራ ነህ» ብሎ ጽፎልኛል። ሌላ ምንም የለም። አንተ ተራ ነህ! ጓዳዬን ወስዶ፣ እህቴን ወስዶ፣ አሁን ደግሞ ተራ ሰው መሆኔን ሊነግረኝ። ዓይኔ ደም ለበሰ። ወደ በረንዳ የሚሄዱትን የእህል መርከቦች በሙሉ መለስኳቸውና ተራዬን ዘጋሁ።

ማታ ለአጎታችን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩትና «ተረኛ ነህ ሊልህ ነው እኮ፣ አንተ ደደብ፤ ተራህ ደርሷል ነው የሚልህ» አሉኝ። ገባኝ። ከገባኝ በኋላም ግን መርከቦቹን አላስነሳኋቸውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተራ ደርሶኝ ሁለቱንም ጊዜ እህሉን ይዤ ተቀመጥኩ። እንግዲህ «ለምን» ያልሽው መልሱ ይኸው ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። እሱን መምታት ስላልቻልኩ ያንቺን ወታደሮች አስራብኳቸው። እሱን ጠርተሽ «እህል አጣሁ» እንድትዪው ሳይሆን እኔን ጠርተሽ እንድትለምኚኝ ነበር የፈለግሁት። አንቺ ደግሞ እንደ ልማድሽ ማንንም አልለመንሽም።

እሱ ምን እንዳደረገ አይተሻል። ማንም ሳይነግረው ትምህርት ቤቶቹን አፍርሶ መሬቱን ሁሉ እርሻ አደረገው፣ ያመረተውንም ለበረንዳ ላከ። ከጠላቶቻችን ሁሉ ቀድሞ የነበረበትን ዕውቀት በአንድ ሳምንት ጣለው። ለእኔ አንድ የወቀሳ ቃል አልጻፈም። ከተማዋንም አንድ ቀን ከፍቼ ሳያት ስሟ ተመልሶ ጓዳ ሆኗል። አንቺ ነግረሽው ይሁን ራሱ ገብቶት ይሁን አላውቅም፣ ባትነግሪኝም ደስ ይለኛል። ሰው እንዲህ ሲያደርግ ያየ መውደድ ነበረበት። እኔ ግን የባሰ ጠላሁት። እኔ ላደርገው የሚገባኝን እሱ አደረገው፣ በእኔው እርሻ፣ ለእኔው እህት። ትንሽ ክፉ ቢሆንልኝ ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። የሚቀጥለው ውድድር የሁለት ሁለት ሰው ነው፣ ከእሱ ጋር ብመዘገብ ይከፋሃል ወይ ብለሽኛል። ይከፋኛል። እማዬ «አይከፋኝም በላት፣ ልጅቷን አታስጨንቃት» ብላኝ ነበር፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ እኔም ሞኝ፣ የያዝኩትም ወረቀት ነውና አልዋሽሽም። ይከፋኛል፣ ግን የሚከፋኝ አንቺ በምታስቢው ነገር አይደለም።

አንቺ የማታውቂው አንድ ነገር አለ። ከሥራ ገብተሽ ጨዋታውን ስትከፍቺ እኔ ጋ ከስምሽ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። ደክሞሽ ስለምትገቢ፣ አብራሽ ያለችውም ልጅ ስለምትተኛ በሥራ ቀን እንደማትደውዪ እማዬ ታውቃለች። ስለዚህ መሸት ሲል ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን እንጠብቃለን። ነጥቡ ሲበራ «ገባች» እላታለሁ። እሷም «ተመስገን» ትልና ተነስታ የቤቱን በር ትቀረቅራለች። ከሄድሽ ጀምሮ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ብርዱ ጠንክሮ «ዝጊው እንጂ» ብላት «ልጄ ውጭ ሳለች በር አልቆልፍም» አለችኝ። ባኮረፍኩባቸው ቀናት እንኳ፣ እህሉን ይዤ በተቀመጥኩባቸው ቀናት፣ ለዚያ ነጥብ ስል ስልኩን እከፍት ነበር። ነጥቡ የሚታየው ደግሞ ለቡድን አጋር ብቻ ነው። ከእሱ ጋር ስትመዘገቢ ለእሱ ይበራል፣ ለእኛ ይጠፋል። የምቀናው በዚህ ነው እንጂ ጓዳስ ትሂድ።

ተመዝገቢ። አብራችሁ ታሸንፋላችሁ፣ ይህን ማንም ያየዋል። ብቻ ያለቀው የድሮው ካርታችን አይጠፋም፤ ሲከፈት ነጥቡን ያበራል፣ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ማታ ስትገቢ አንድ ጊዜ ክፈቺውና ዝጊው። መጫወት የለብሽም፣ ምንም መጻፍም የለብሽም።

አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ እማዬም «በጎኗ ትተኛ» ትላታለች። ለኬክ ቤቱ ባለቤትም፣ ያኔ ስትታመሚ ሾርባ ይዛ ለመጣችው ለአከራይሽም እጅ ነስተናል በይልን። እማዬ አገላብጣ ትስምሻለች። አጎታችንም ይስሙሻል፤ ማዕዘን ላይ ፍጥነት እንዳትጨምሪ ብለዋል፣ በጦርም ቢሆን በኑሮም። ማስተርም ለሠርግሽ ሶፋ አለብሳለሁ ብሏል፤ ሠርግ አለ ብሎ ማን እንደነገረው አላውቅም፣ እኔ አይደለሁም።

ለፋርማሲስቱ ሰላምታ አልልክም ብዬ ነበር። ይልቅ አንድ ነገር ንገሪልኝ። አምሽተሽ በምትወጪበት ቀን ፋርማሲውን ዘግቶ እስከ ደጃፍሽ ይሸኝሽ፣ ገብተሽ እስክትቆልፊም ቆሞ ይጠብቅ። እኔ ከዚህ ሆኜ ማድረግ የምችለው እህል መላክ ብቻ ነው።

ወንድምሽ አኩራፊው

ከቤታችን ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን