ፎቁ ለማስታመሚያው፣ ምድር ቤቱ ለወንድሜ ልጅ

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፲፯ ቀን፣ ረፋድ ላይ።

እኔ፣ በመንገዱ ማዕዘን ላይ ያለው ላውንደሪ ባለቤት፣ ባሌ የሞተብኝ፣ ልጅም ያልወለድሁ ሴት፣ ከአልጋዬ ሳልነሣ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ሳንባዬ ደክሟል፤ ልቡናዬ ግን አልደከመም። ያስገደደኝ የለም፤ ያባበለኝ ግን አለ፤ እርሱንም በቦታው እናገራለሁ። ቃሌን የሚጽፈው ጠበቃዬ ነው። አራቱ ምስክሮች ከግርጌዬ ተቀምጠዋል። የወንድሜ ልጅ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ ብሏል። ወራሽ ነውና ምስክር አይሆንም፤ ይስማ ግን ብያለሁ።

ስሞት ከባሌ ጎን ቅበሩኝ። በመቃብሬ ላይ ንግግር አይደረግ፤ በተለይ የማያውቀኝ ሰው አይናገርልኝ።

ለታላቅ እኅቴ ሁለቱን የሱፍ ካፖርቶቼን ትቻለሁ። አንዱን «መቼ ነው የምትሰጪኝ?» ዕድሜዋን ሙሉ ስትለኝ ኖራለች፤ ሁለተኛው ስለ ትዕግሥቷ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ፤ ሁላችሁም የመጣችሁት ለዚህ ነውና።

ባሌ ያረፈው በማይድኑ ሕሙማን ማስታመሚያ ነው። አንዲት አስታማሚ በየማለዳው ጢሙን ትላጨው ነበር። አንድ ቀን «ነገ ለሚሞት ሰው ይህ ምን ያደርግለታል?» ብላት፣ ምላጩን ሳታቆም «ዛሬ እኮ አልሞቱም» አለችኝ። ስለዚህች ቃል ቤቴን ለማስታመሚያው ልናዘዝ ቆረጥሁ።

ማስታመሚያውን የሚያስተዳድረው በጎ አድራጎት ድርጅት አንድ ባለ ከረባት ሹም ላከልኝ። አበባ ይዞ መጣ፤ «እናቴ» አለኝ፤ በባሌ ስም እዚሁ ቤት ውስጥ የሕሙማን ክፍል እንደሚከፈት ተስፋ ሰጠኝ። ለዘመዶቼ ልንገራቸው ብለው «ለጊዜው በእኛ መካከል ቢቆይ ይሻላል፤ ቤተሰብ ሲሰማ ነገር ይበዛል» አለኝ። እኔም አመንሁት። ኑዛዜውን ከፈረምሁ በኋላ ግን የውኃ ሽታ ሆነ። ዓመት ቆይቶ የምስጋና ካርድ ደረሰኝ፤ «ለእርስዎና ለክቡር ባለቤትዎ ረጅም ዕድሜና ጤና እንመኛለን» ይላል። ባሌ የሞተው በእነርሱው አልጋ ላይ ነው!

ካርዱን ይዤ ቢሮአቸው ሄድሁ። ባለ ከረባቱ ስብሰባ ላይ ነው ተባልሁ። አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ካርዱን አነበበችና ፊቷ ልውጥ አለ። የተለመደውን ይቅርታ ልታወርድልኝ ነው ስል፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «እማማ፣ ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለችኝ። ከሞተ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እያለቀስሁም እየሣቅሁም ነገርኋት።

ከዚያ ወዲህ ትጠይቀኝ ጀመር። የሚታጠብ ልብሷን ይዛ ትመጣለች፤ በነጻ ይሁንልሽ ብላት በጄ አትልም። ፎቅ ወጥታ ከእኔ ጋር የተነቀሉ የልብስ ቁልፎችን በየመልካቸው ትለያለች። የማስታመሚያው ጣሪያ ማፍሰሱን፣ ያቺ ጢም ላጪ አስታማሚ ጡረታ መውጣቷን ታወራኛለች። ስለ ቤቱ አንድም ቀን አላነሣችም።

ነገሩን ያበላሸው ባለ ከረባቱ ነው። አንድ ቀን ኮቱን ሊያስተኩስ ምድር ቤት ወዳለው ላውንደሪ ገብቶ የወንድሜን ልጅ «አክስትህ ይህን ቤት ለእኛ መተዋቸው እንዴት ያለ ክብር ነው!» አለው። የወንድሜ ልጅ በዚያ እንፋሎት ውስጥ ያደገ ነው፤ ክንዱ የካውያ ጠባሳ ነው። የቤቱን ነገር ከአክስቱ አፍ ሳይሆን ከደንበኛ አፍ ሰማ። ካውያውን ኮቱ ላይ እንዳጋደመ ረሳው፤ የተቃጠለው ሱፍ ሽታ እኔ ዘንድ ድረስ ወጣ። እርሱም ሽታውን ተከትሎ መጣ።

«እቴቴ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ያቺ ልጅ የምትጠይቀው አንቺን አይደለም፤ ግድግዳውን ነው» አለኝ።

ይህ ቃል እንደ እሾህ ውስጤ ቀረ። በመጣች ጊዜ አላስቻለኝምና «ለእኔ ነው ወይስ ለቤቱ የምትመጪው?» አልኋት።

ቁልፎቹን ከመዳፏ አስቀመጠች። «ስጀምር ሥራዬ ስለሆነ ነበር፣ እማማ፤ ደመወዝ ይከፈለኛል። አሁን ግን የቱ እንደሆነ ለራሴም አልለይ ብሎኛል። ስለ ቤቱ ካነሡ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ማስታመሚያ አይሆንም። ደረጃው ጠባብ ነው፤ የሕመምተኛ አልጋ አይወጣበትም። ይሸጡታል።»

«ውጪልኝ!» አልኋት። ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ታምሜ አልጋ ላይ ወደቅሁ። ተኝቼ የደረጃውን ድምፅ ሳዳምጥ ከረምሁ፤ አልመጣችም። የወንድሜ ልጅ እውነቱን ነበር ብዬ፣ የቀድሞውን ኑዛዜ ልሽር ጠበቃዬን አስጠራሁ። ሊመጣ በነበረበት ጠዋት መስኮቱ ተከፍቶ ነበርና ከታች ድምፅ ሰማሁ።

«ዛሬም ተኝተዋል?» ትላለች።

«ተኝታለች። ነገም ትተኛለች። አትመላለሺ አላልሁሽም? መሥሪያ ቤትሽ ነው እንዲህ የሚያነዘንዝሽ?»

«መሥሪያ ቤቴማ ሌላ ክፍል አዛውሮኛል። መጥቼ እንደ ነበር ብቻ ንገርልኝ።»

አልነገረኝም። ሲወጣ ጠየቅሁት፤ አልካደም። «ያደግሁበትን ቤት ይዛብኝ ልትሄድ ነው፤ ምን ላድርግ?» ብሎ አለቀሰ። ወደ መታጠቢያ ቤት አዝሎ የሚወስደኝ ይኸው ልጅ ነው። ማንን ልቆጣ?

ስለዚህ ምድር ቤቱ ከነማሽኖቹ፣ ከነካውያው፣ ከነደንበኛው የወንድሜ ልጅ ይሁን። ስጦታ አይባል፤ የገዛ ላቡ ነው።

ፎቁ የማስታመሚያው ይሁን። ይሽጡት፤ ከልክዬ አልይዛቸውም። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ አይሽጡ፤ ሲሸጡም አስቀድመው ለወንድሜ ልጅ ይንገሩት፤ መግዛት ከቻለ እርሱ ይቅደም። ገንዘቡ ለአስታማሚዎች ደመወዝ እንጂ ለቢሮ ምንጣፍ አይዋል። የባሌም ስም የትም አይለጠፍ።

ለልጂቱ ምንም አልተውሁም። ስለምወዳት ነው። አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ብተውላት ሰው «ይኸው፣ አላልናችሁም?» ይላል። ይህን ስትሰማ ቅር እንዳይላት እፈራለሁ፤ ከሐሜት የማድናት ሌላ መንገድ ግን አላገኘሁም።

የባለ ከረባቱ ኮት ይተካለት፤ እርሱን በዕዳ ይዤ ወደ ፈጣሪዬ አልሄድም።

ለድርጅቱ ሰዎች ምክሬ ይህ ነው። ሰጪ ሲፈርም ወዳጅነቱ ይጀምራል እንጂ አያልቅም። የማትፈጽሙትን ተስፋ አትስጡ፤ እውነቱን ነግራችሁን ብንቆጣም ታገሡን። ሰው በሰው ላይ አትቀያይሩብን፤ አሮጌ ሰው ሕይወቱን ለየአዲሱ ሰው ከሥሩ የሚተርክበት ትንፋሽ የለውም። ዘመዶቻችንንም አትደብቋቸው፤ በስውር የተሰጠ ስጦታ ጠላት ያፈራል። ልጂቱን ወደ ቦታዋ መልሷት፤ እንደ እኔ ያሉ ሌሎች አሉ።

እዚህ ላይ የወንድሜ ልጅ ተናገረ፦ «እቴቴ፣ ያን ቀን አስገብቻት ቢሆን ፎቁንም ለእኔ ትተዪልኝ ነበር?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አልሁት። ጠበቃው ብዕሩን አነሣ። ይህም ይጻፍ ብያለሁ።

ከዚህ በፊት የሰጠሁት ኑዛዜ ፈርሷል። ሌላ የምለው የለኝም።

ምስክሮች፦ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊው፣ ጡረተኛዋ መምህርት፣ የጎረቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሁላችንም ቃሉ ሲነገርና ሲነበብ ሰምተን ፈርመናል።

የጠበቃው ማስታወሻ፦ ተናዛዧ ብቻቸውን ቀና ማለት ስላልቻሉ፣ ሊፈርሙ ሲሉ የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ከጀርባቸው ደግፎ አስቀመጣቸው። ድጋፉ በጀርባቸው ብቻ እንደ ነበር፣ እጃቸውን እንዳልነካ፣ ፈርመው እስኪጨርሱም ዓይኑን እንደ ጨፈነ ሁላችንም አይተናል።